ጠልቆ ሲቆፈር ጨው የሚወጣበት ከተማ፦ የደቡብ ታራዋ የመጠጥ ውሃ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉድጓድ ሲደርቅ የሚታወቀው መፍትሔ ጠለቅ ብሎ መቆፈር ነው። ስልሳ ሜትር ካልሰጠ መቶ፣ መቶ ካልሰጠ ሁለት መቶ። በመካከለኛው ፓስፊክ፣ በኪሪባቲ ዋና ከተማ በደቡብ ታራዋ፣ ይህ አካሄድ ውሃውን ያጠፋዋል። ሁለት ሜትር የቆፈረ ሰው የሚጠጣ ውሃ ያገኛል፤ ሠላሳ ሜትር የወረደ ግን የሚያወጣው የባሕር ውሃ ነው። በከተማዋ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ዝናብ የሚያቁር ተራራም የለም።

ኪሪባቲ 33 ደሴቶች አሏት። መሬታቸው ሁሉ ቢደመር 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የተበተኑበት የባሕር ክልል ግን ወደ 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ2020ው ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 120,000 የሚጠጋ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ደቡብ ታራዋ ላይ ሰፍሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በመንገድ የተያያዙ ቀጫጭን ደሴቶች ሰንሰለት ናት። አብዛኛው መሬቷ ከባሕር ጠለል ከሦስት ሜትር አይበልጥም፤ በብዙ ቦታ ከውቅያኖሱ ዳር ደሴቶቹ ከበው እስከያዙት የውስጥ ባሕር (ሐይቀ ባሕር) ያለው ስፋት ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህች አገር ዓለም የሚሰማው ስለ ባሕር መጠን መጨመር ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ዛሬ የሕፃናትን ሆድ የሚያውከው ግን ባሕሩ አይደለም፤ ከጉድጓዱ አሥር ሜትር ርቆ የተቆፈረው ሽንት ቤት፣ መሬት ውስጥ የሚያፈሰው ቧንቧና ያለ ልክ የሚሠራው ፓምፕ ናቸው። ሦስቱንም መያዝ በሰው እጅ ያለ ነገር ነው።

«መሠረታዊ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል «መሠረታዊ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት» የሚባለው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። ምንጩ «የተሻሻለ» መሆን አለበት፤ ደርሶ መልሱ ደግሞ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። የተሻሻለ ምንጭ ከሚባሉት ውስጥ ቧንቧ፣ የተከለለ ጉድጓድና የዝናብ ውሃ ይገኙበታል። ውሃው ግቢ ውስጥ መገኘቱን፣ በተፈለገ ጊዜ መኖሩንና ከብክለት ነፃ መሆኑን የሚጠይቀው ከዚህ ከፍ ያለው ደረጃ ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ታራዋ ላይ እንቁም። አፉ በሲሚንቶ የታነጸና ክዳን ያለው፣ ግን የጎረቤት ሽንት ቤት የተጠጋው ጉድጓድ «መሠረታዊ» ነው። ሮቶው ከሦስት ሳምንት በፊት የደረቀበት ቤተሰብም ዋና ምንጩ የዝናብ ውሃ ነው ካለ «መሠረታዊ» ይባላል። በሁለት ቀን አንዴ ለሁለት ሰዓት ብቻ ውሃ የሚመጣበት ቧንቧም እንዲሁ። ስለዚህ እንደ ታራዋ ባለ ዝቅተኛ የኮራል ደሴት (አቶል) «ይህን ያህል በመቶ ሕዝብ መሠረታዊ አገልግሎት አግኝቷል» የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ግንባታው እንጂ ስለ ውሃው አይደለም። ጥሩ ቁጥር ያለው መንደር ድርቅ በገባ በሁለተኛው ወር ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

በጨው ላይ የተንሳፈፈው ውሃ

አቶል የኮራል አሸዋና ጠጠር ክምችት ነው። የዘነበው ዝናብ በአሸዋው ሰርጎ ይወርድና ከስር ካለው የባሕር ውሃ በላይ ይንሳፈፋል፤ ጨው አልባ ውሃ ከባሕር ውሃ ይቀላልና። ቅርጹ መሐሉ ወፍሮ ዳርና ዳሩ ስለሚሳሳ ባለሙያዎች «ሌንስ» ይሉታል። ሚዛኑ በቁጥር ሲነገር እንዲህ ነው፦ የባሕር ውሃ ጥግግት 1.025፣ የጨው አልባው 1.000 ስለሆነ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከባሕር ጠለል አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከስሩ ወደ 40 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጨው አልባ ውሃ ይኖራል። ሠላሳ ሴንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ውፍረት ይሰጣል ማለት ነው።

ይህ በስሌት ነው። በተግባር በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለው ድንበር ስለት ሳይሆን ብዙ ሜትር የሚወፍር የቅልቅል ንጣፍ ነው። ከዚህም በላይ ከ10 እስከ 20 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከአሸዋው ስር ያረጀና ዋሻ የበዛበት የኖራ ድንጋይ አለ። በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው የባሕር ውሃ በዚያ ውስጥ እንደልቡ ስለሚገባና ስለሚወጣ፣ ሌንሱ እዚያ ሲደርስ ይበጠበጣል። ዝናቡ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ሌንሱ ከዚያ ወዲያ ብዙ አይወፍርም። በጣም ጠባብ ደሴቶች ላይ ደግሞ ቋሚ ሌንስ አይፈጠርም፤ የዘነበው በጥቂት ሳምንታት ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ለዚህ ነው የደቡብ ታራዋ ሕዝብ በዋናነት ሰፋ ባሉት በሁለቱ፣ በቦንሪኪና በቡዎታ፣ ሌንሶች ላይ የተንጠለጠለው። ቦንሪኪ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ደሴት ነው። በመልካም ዘመን መሐሉ ላይ ያለው ሌንስ ውፍረት ወደ 20 ሜትር ይጠጋል።

ውሃው የሚወጣበት መንገድ ከብዛቱ እኩል ወሳኝ ነው። ቁልቁል በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ኃይለኛ ፓምፕ ቢተከል በዚያች ነጥብ ውሃው ዝቅ ይላል፤ አንድ ሴንቲሜትር በወረደ ቁጥርም ከስር ያለው ጨው ውሎ አድሮ እስከ 40 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ያብጣል። ከፓምፑ በታች ሾጣጣ የጨው ጉልላት ይሠራል፤ ጫፉ ፓምፑን የነካ ዕለት ጉድጓዱ አለቀለት። በአቶሎች የሚሠራው አግድም ጋለሪ ነው፦ ቦይ ተቆፍሮ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ ይዘረጋል፣ ዙሪያው በጠጠር ይሞላል፣ በላዩ አፈር ይመለሳል፣ መሐል ላይ ፓምፑ የሚቀመጥበት የታሸገ ጉድጓድ ይኖራል። የቦንሪኪ ጋለሪዎች ወደ 300 ሜትር ይረዝማሉ። ያንኑ ያህል ውሃ በ300 ሜትር ላይ ተከፋፍሎ ቀስ ብሎ ስለሚሳብ ጨው አይነሳም። ስህተቱ የሚመጣው ቱቦው ከልክ በላይ ጠልቆ ሲዘረጋ ወይም ጋለሪው የማይችለው ትልቅ ፓምፕ ሲገጠም ነው። የተቃጠለ ትንሽ ፓምፕ ሲተካ መጋዘን የተገኘው ትልቁ ከሆነ፣ ጥሩ የተሠራ ጋለሪም በአንድ ድርቅ ይበላሻል።

ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው። ስለዚህ በሌንሱ ዙሪያ የክትትል ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፤ በውስጣቸው እያንዳንዱ በተለያየ ጥልቀት የሚያበቃ ቀጫጭን ቱቦ ይወርዳል፣ ከየቱቦው ውሃ ተቀድቶ፣ ጨው ሲበዛ የሚጨምረው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ ይለካል። በፓስፊክ አቶሎች የሚሠራበት የመጠጥ ወሰን በሴንቲሜትር 2,500 ማይክሮሲመንስ ነው። የባሕር ውሃ ወደ 50,000 ይደርሳል። ስለዚህ ከሃያ ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንዱ ሊትር የባሕር ውሃ ከሆነ ጠቅላላው ከመጠጥ ወሰን አለፈ። መለኪያ መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ነው፣ ሥራው ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር በየወሩ ሳያቋርጡ መለካት፣ ቁጥሩ ሲያሻቅብም ፓምፑን የመቀነስ ሥልጣን መያዝ ነው። ሰው ውሃ አብዝቶ የሚጠይቀው ሌንሱ እረፍት በሚፈልግበት በዚያው ወቅት ነውና።

የነዋሪው መለኪያ ባባይ ነው። ባባይ በኪሪባቲ በግብዣ ላይ የሚከበር፣ ጎደሬ መሰል ትልቅ ተክል ሲሆን የሚተከለው እስከ ውሃው ወለል ድረስ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጨው ሲጠጋው ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ከላቦራቶሪ ውጤት ቀድሞ ለባለቤቱ የሚናገረው እርሱ ነው።

ድርቁ ከየት ይመጣል?

ታራዋ በአማካይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባ ከምታገኘው በእጅጉ ይበልጣል። አማካዩ ግን ያታልላል፤ በአንዱ ዓመት እጥፍ ይዘንባል፣ በሌላው ከግማሽ በታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚገርም ግንኙነት አለ። እንደ 2015 ያለው ኤል ኒኞ የኢትዮጵያን ክረምት ሲያደርቅ ታራዋን በዝናብ ያጠግባል፤ ተቃራኒው ላ ኒኛ ሲመጣ ደግሞ ሞቃቱ የባሕር ውሃና ደመናው ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ኪሪባቲ ትደርቃለች። ከ1998 እስከ 2001 የዘለቀው ድርቅ የላ ኒኛ ነበር። በሰኔ 2022 መንግሥት በድርቁ ምክንያት የአደጋ ጊዜ ያወጀውም ላ ኒኛ በተከታታይ ዓመታት ሲመላለስ ነው።

ማዕበል ሌላው አደጋ ነው። በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ (ሳይክሎን) የላከው ማዕበል የኪሪባቲን ደቡባዊ ደሴቶችና ቱቫሉን አጥለቅልቋል። የባሕር ውሃ መሬት ላይ ሲወጣ በአሸዋው ሰርጎ ሌንሱን ከላይ ያጨዋል። በኩክ ደሴቶች ፑካፑካ ላይ በ2005 ሳይክሎን ፐርሲ ካለፈ በኋላ ሌንሱ ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ክፍት ጉድጓድ ይህን ያባብሰዋል፤ የባሕር ውሃ በቀጥታ የሚገባበት አፍ ስለሚሆን። የጉድጓድን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ ማነጽና መግጠሚያ ክዳን መሥራት ብዙ ወጪ የለውም፤ ብዙ ወራት ያድናል።

ሽንት ቤቱ፣ አሳማውና የሚያፈሰው ቧንቧ

የውሃው ወለል ከእግር ስር አንድ ወይም ሁለት ሜትር ነው። በሸክላማ አፈር ላይ ቆሻሻው ሳይርቅ ይጣራል፤ በኮራል አሸዋ ግን ውሃ በፍጥነት ስለሚሄድ ቫይረስና ባክቴሪያ አብረው ይጓዛሉ። በሌላው ዓለም በሽንት ቤትና በጉድጓድ መካከል 30 ሜትር ይበቃል የሚለው ልማድ እዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ከተማው ውስጥ ያንን ያህል ክፍት ቦታ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። በየግቢው የሚታሰሩት አሳማዎች ጣጣ ከሽንት ቤቱ አያንስም።

በ1977 ታራዋን ኮሌራ መታት። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ሰፈሮች በቤቲዮ፣ በባይሪኪና በቢኬኒቤው ሽንት ቤትን በባሕር ውሃ የሚያጥብ የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። ሐሳቡ ዛሬም ብልህ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ ለማጠቢያ አይባክንም። ጨው ግን ብረቱን፣ ፓምፑንና መጋጠሚያውን ስለሚበላ፣ የጥገና በጀት ከሌለው መስመሩ ራሱ የብክለት ምንጭ ይሆናል።

አሁን ቧንቧውን እንመልከት። ከቦንሪኪና ከቡዎታ በቀን ወደ 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሳባል። ለ60,000 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 33 ሊትር ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ሰው እጅ የሚደርሰው 16 ሊትር ገደማ፣ ያውም በፈረቃ። ፈረቃው ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ቧንቧው ውሃ ሲይዝ በቀዳዳው ወደ ውጭ ያፈሳል። ውሃው ሲቋረጥ ግፊቱ ይጠፋና በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን የተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ቦንሪኪ ላይ ክሎሪን ተጨምሮበት የወጣ ውሃ ቤቲዮ ሲደርስ የሚመረዘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀዳዳ መድፈን ብዛትንም ንጽሕናንም የሚጨምር ሥራ ነው። አዲስ ምንጭ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ ቅርቡ ምንጭ ይኸው ነው።

ጣሪያው ምን ያህል ያጠጣል?

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጣሪያው ስፋት በካሬ ሜትር ሲባዛ በዝናቡ ሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ በ0.8። ሃምሳ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በ2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ 80,000 ሊትር ይሰጣል፣ በቀን 219 ሊትር መሆኑ ነው። ሰባት ሰው ላለበት ቤት ከበቂ በላይ ይመስላል። ችግሩ ማቆሩ ላይ ነው። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልቶ ዝናብ ቢቆም፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም በ35 ቀን ያልቃል። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ 7.5 ሊትር ቢወሰድ ሦስት ወር ይደርሳል። ከዚያ ለሚረዝም ድርቅ ሮቶ መልስ የለውም፤ የሚሻገረው ሌንሱ ነው። ፓንዳነስ በተባለ ዛፍ ቅጠል የተከደነ ቤት ደግሞ የሚጠጣ ውሃ ማቆር አይችልም፤ ድሀው ቤተሰብ ከመነሻው ከዚህ ስሌት ውጭ ነው።

እርዳታ ሰጪዎች ሮቶ ማደል ይወዳሉ፤ ፎቶ ላይ ይታያል። በተግባር ግን ቀድሞ የሚበላሸው አሸንዳው ነው። በባሕር ነፋስ ምክንያት የብረት ማያያዣውን በጥቂት ዓመት ዝገት ይበላዋል፣ አሸንዳው ይጎብጣል፣ ውሃው ከሮቶው ውጭ ይፈስሳል። የፒቪሲ አሸንዳ፣ የማይዝግ ብሎን፣ በየሜትሩ አንድ ሴንቲሜትር ዝቅታ፤ እነዚህ ከተሟሉና የጣሪያው ሁለቱም ክንፍ ከተገጠመ፣ ሁለተኛ ሮቶ ከመግዛት ይሻላል። የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ስለሚወርድ መጣል አለበት። ለሃምሳ ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 25 ሊትር። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሜትር ዘጠኝ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ፣ ጫፉ የተደፈነ የሦስት ሜትር ቱቦ ከመግቢያው በፊት ቁልቁል ማንጠልጠል ይበቃል፤ ከታች ጠብ ጠብ የሚያደርግ ትንሽ ቀዳዳ ካልተተወለት ግን ለሚቀጥለው ዝናብ ራሱን ባዶ አያደርግም። የሮቶው መግቢያና መትረፊያ በደቃቅ ወንፊት ካልተሸፈነ የዴንጊ ትንኝ ይራባበታል።

ጥርጣሬ ካለ በክሎሪን ማከም ነው። ለ5,000 ሊትር፣ በሊትር ሁለት ሚሊ ግራም እንዲደርስ፣ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በባልዲ ውሃ በጥብጦ መጨመር፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አያነሳም። ማፍላትም ጨውን አይቀንስም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጨማል።

በውጭ ደሴቶች ደግሞ ኪሪባቲ ውስጥ የተፈጠረው የታማና ፓምፕ አለ። ከፒቪሲ ቱቦና ከቀላል ቫልቭ የሚሠራ፣ በእጅ የሚገፋ ነው። ኃይሉ ትንሽ መሆኑ እንከን አይደለም፤ ሌንሱን በኃይል ሊስበው አይችልም። ሲበላሽም መንደሩ ውስጥ የሚጠገን ነው።

የባሕር ውሃ ማጣሪያው

በ2018 የአረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ 28.6 ሚሊዮን ዶላር የለገሰበት፣ የእስያ ልማት ባንክና የዓለም ባንክም የተሳተፉበት የደቡብ ታራዋ የውሃ ፕሮጀክት ጸደቀ። እቅዱ በቀን 4,000 ሜትር ኩብ ጨው አልባ ውሃ የሚያመርት ማጣሪያ፣ 2,500 ኪሎ ዋት የፀሐይ ኃይልና አዲስ የቧንቧ መስመር ነው። በነፍስ ወከፍ ከ60 ሊትር በላይ ይጨምራል፣ ላ ኒኛም አያደርቀውም። ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ሂሳቡ ግን መታወቅ አለበት።

ማጣሪያው የባሕርን ውሃ ከ55 እስከ 70 ባር በሚደርስ ግፊት ጨውን በሚያስቀር ስስ ንጣፍ (ሜምብሬን) ውስጥ ያሳልፋል። ከገባው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ጨው አልባ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ለ4,000 ሜትር ኩብ 10,000 መሳብ፣ 6,000 እጅግ ጨዋማ ውሃ መልሶ መጣል ይጠይቃል። መጣያው ቀስ ብሎ በሚታደሰው ሐይቀ ባሕር ሳይሆን በውቅያኖሱ በኩል መሆን ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንወስድ በቀን 14,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 2,500 ኪሎ ዋት የፀሐይ ፓነል በዚያ ሰማይ ስር በቀን 10,000 ገደማ ይሰጣል። ቀሪው፣ የሌሊቱም ሥራ፣ በመርከብ የሚመጣ ናፍጣ ነው።

ብልሽቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከትንሽ ነገር ነው። ደለል ያለው ውሃ ሲሳብ ቀዳሚው ማጣሪያ ይደፈናል። ባሕር ውሃው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ለመግደል የተጨመረ ክሎሪን ሳይወገድ ሜምብሬኑ ላይ ከደረሰ ያቃጥለዋል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሳይታጠብ ከቆመ ጨው ይጋገርበታል። የሰለጠነ ሰው ከሌለና መለዋወጫ ለማግኘት መርከብ መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ የአንድ ማሸጊያ ጎማ ብልሽት ማሽኑን ለወራት ያቆመዋል። የኪሪባቲዋ ባናባ ደሴት ይህን ቀምሳዋለች። ነዋሪዎቿ በድርቅ የሚጠጡት በኖራ ድንጋይ ዋሻዎች የሚጠራቀመውን ውሃ ነበር። እስከ 1979 የዘለቀው የፎስፌት ማዕድን ቁፋሮ ደሴቷን አፈራርሶ ዋሻዎቹንም አበላሸ፤ በማጣሪያ ላይ የተንጠለጠለችው ባናባ በ2021 ማሽኑ ሲቆም ተጠማች። በማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌም በታኅሣሥ 2014 በማጣሪያ ጣቢያው የተነሳ አንድ እሳት ከ100,000 በላይ ሰው ያለ ውሃ አስቀርቷል። ሌንሷ ቀድሞ ስለተሟጠጠ የምትመለስበት ጉድጓድ አልነበራትም፤ ውሃ በአውሮፕላንና በመርከብ ከጎረቤት አገር መጣላት።

ታራዋ ማጣሪያ ስላገኘች ቦንሪኪን ልተወው ካለች የማሌን መንገድ ትይዛለች። ሌንሱ ማሽን በቆመ ዕለት የሚከፈት መጠባበቂያ ሆኖ መቆየት አለበት። ይህ ደግሞ የመሬት ጉዳይ ነው። የቦንሪኪ መሬት የቤተሰቦች ርስት ነው፤ መንግሥት የውሃ ክልል አድርጎ ተከራይቶታል። ባለርስቱ መሬቱ ላይ ቤት እንዳይሠራ፣ አሳማ እንዳያረባ፣ አሸዋ እንዳያወጣ ይጠየቃል። የኮኮናት ዛፎቹ እንኳ ከሌንሱ በየቀኑ እያንዳንዳቸው 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ስለሚመጥጡ ይቆረጡ የሚል ሐሳብ ይነሳል፤ ለባለርስቱ ግን ምግቡና ገቢው እነርሱ ናቸው። የተጨናነቀ ከተማ አጠገብ ያለ ባዶ መሬት በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል። ኪራዩ በዚያ ልክ ካልጨመረ ክልሉ ውስጥ ቤት ይሠራል፣ ከቤቱ ጀርባ ሽንት ቤት ይቆፈራል፣ ከሽንት ቤቱ ስር ያለው ጋለሪም ይዘጋል። በማጣሪያው በጀት ውስጥ ለኪራይ የሚሆን ቋሚ መስመር ቢኖር፣ ወጪው ከሜምብሬን መተኪያ የሚያንስ ይመስለናል።